«ሲስተም የለም» እና በሻጭ ቁና የሚሰፈረው የሰርቨር ፍጥነት

ባንኮችና የመንግሥት ተቋማት በውጭ ምንዛሪ የሚገዟቸው ሰርቨሮችና የመረጃ ማከማቻዎች ብቃታቸው የሚመሰከረው፣ በአብዛኛው፣ በሻጩ ወረቀት ላይ በታተመ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ሐሰት ላይሆን ይችላል። የተለካው ግን የገዢው ሥራ አይደለም።

ፍራንክፈርት አም ማይን ውስጥ፣ በቦርንሃይም ሰፈር፣ በርገር ሽትራሰ በተሰኘው ረጅም ጎዳና ዳርና ዳር ያሉት አሮጌ መጠጥ ቤቶች ከፖም የተጠመቀውን ወይን የሚያቀርቡት ሸንተረር ባለው ብርጭቆ ነው። ከብርጭቆው አፍ ጥቂት ዝቅ ብሎ አንዲት ቀጭን መስመር አለች፤ አጠገቧም በአብዛኛው 0.3 ሊትር የሚል ጽሑፍ ይነበባል። መስመሯ የባለ መጠጥ ቤቱ ፈቃድ አይደለችም፤ የጀርመን የልኬት ሕግ ግዴታ ናት። ከመስመሯ በታች የተቀዳለት ደንበኛ ያለ ክርክር እንዲሞላለት ይጠይቃል። የአገር ቤቱ ብርሌ እንዲህ ያለ መስመር ኖሮት አያውቅም፤ ልኩ የቀጂው እጅና የጠጪው ይሉኝታ ነው። ለጠጅ ይህ ይበቃ ይሆናል።

ከቦርንሃይም ወደ ደቡብ ቁልቁል ጥቂት የተራመደ ሰው ሃናወር ላንድሽትራሰ የተባለው አውራ መንገድ ላይ ይደርሳል። ቀድሞ የፋብሪካና የመጋዘን ሰፈር የነበረው ይህ አካባቢ ዛሬ መስኮት አልባ ሕንፃዎች የበዙበት ነው። በውስጣቸው የአውሮፓን የመረጃ ዝውውር የሚሸከሙ ሰርቨሮች ቀንና ሌሊት ይሠራሉ። እ.ኤ.አ. በ1995 የተመሠረተው የኢንተርኔት መገናኛ ዴሲክስ እዚህ ከተማ ውስጥ ተወልዶ በዓለም ላይ ካሉት ታላላቆች አንዱ ሆኗል። በ2012 የከሰረው የኔከርማን የፖስታ ንግድ ድርጅት ሰፊ ግቢ እንኳ ለዳታ ማዕከል ተሽጧል። ፍራንክፈርት ከምትጠቀመው ኤሌክትሪክ አንድ አምስተኛ ያህሉን የሚወስዱት እነዚሁ ማዕከላት እንደሆኑ ይነገራል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደዚች ከተማ መብረር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው፤ ኢትዮጵያውያንም ለፍራንክፈርት እንግዳ አይደሉም። በቦርንሃይም የሚኖር አንድ ሰው ከምድር ባቡሩ ሲወጣ በስልኩ አገር ቤት ላሉት እናቱ ገንዘብ ቢልክ፣ ትእዛዙ አዲስ አበባ ለመድረስ ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ጊዜ ይበቃዋል። መንገዱ ፈጣን ነው። እናቲቱ ገንዘቡን ለማውጣት ከቅርንጫፉ መስኮት ፊት ሲቆሙ ግን አንዳንድ ቀን ከመስታወቱ ጀርባ የሚሰማው መልስ ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ «ሲስተም የለም»።

ይህ ሐረግ ብዙ ነገር ይሸፍናል። የተቆረጠ መስመር ሊሆን ይችላል፤ የጠፋ መብራትም ሊሆን ይችላል። መስመሩም መብራቱም እያለ ማሽኑ የደመወዝ ሰሞን ጭነት ሲከብደውም የሚነገረው ያው ነው። ያን ማሽን የገዛው ተቋም ግዢውን ሲፈጽም «በሰከንድ ይህን ያህል ሺህ ግብይት» የሚል ሰነድ ተቀብሎ ነበር። ሰነዱና መስኮቱ ለምን አልተገናኙም? ጥያቄው ከአርባ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው፤ የተነሣውም፣ የሚገርመው፣ ከባንክ ነው።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ የኮምፒውተር ሻጮች ሁሉ የየራሳቸውን ፍጥነት በየራሳቸው መለኪያ ያውጁ ነበር። በታንደም ኮምፒውተርስ ይሠራ የነበረው ጂም ግሬይ ከበርካታ የሙያ ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በሚያዝያ 1985 ዳታሜሽን በተሰኘው መጽሔት አንድ ጽሑፍ አወጣ። በደራሲ ስም ፋንታ «ስሙ ያልተገለጸና ሌሎች» ተብሎ ነበር የታተመው። ጽሑፉ ያቀረበው ፈተና እጅግ ቀላል ነበር፤ 1,000 ቅርንጫፎች፣ 10,000 ገንዘብ ከፋዮችና 10 ሚሊዮን የደንበኛ ሒሳቦች ያሉት ባንክ ይታሰብ። አንድ ደንበኛ ገንዘብ ሲያስገባ ወይም ሲያወጣ የደንበኛው ሒሳብ፣ የከፋዩ ሣጥንና የቅርንጫፉ ድምር አብረው ይስተካከሉ፤ ድርጊቱም በመዝገብ ይስፈር። ከመቶ ግብይቶች 95ቱ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ምላሽ ያግኙ። ይህን የሚያደርግ ማሽን በሰከንድ ስንት ግብይት ይችላል? በስንት ዋጋስ?

የፈተናው ታላቅነት ከቁጥሩ ይልቅ ሁለቱን ጥያቄዎች በማጣመሩ ነው። ፍጥነት ብቻውን አይጠየቅም፤ ምን ያህሉ ደንበኛ ምን ያህል እንደጠበቀ አብሮ ይጠየቃል። ዋጋውም ከጎኑ ይጻፋል።

ሻጮች ይህንንም ቢሆን ለመሸርሸር አልዘገዩም። ፈተናውን አቅልለው፣ የደንበኛውን ማሰቢያ ጊዜና የመገናኛ መስመሩን ድካም አውጥተው፣ ያማረ ቁጥር ማሳተም ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1988 የግብይት ማቀናበር ብቃት ምክር ቤት የተመሠረተው ይህን ለማስቆም ነው፤ ባለሙያዎች በአጭሩ ቲፒሲ ይሉታል። በ1992 ያወጣው ቲፒሲ-ሲ የተባለው ፈተና ዛሬም ይሠራበታል። የፈተናው ውጤት በገለልተኛ ኦዲተር ይመረመራል፤ የሦስት ዓመት ጥገናን የሚጨምር ሙሉ ዋጋ ይገለጻል፤ የተሞከረው መሣሪያ እስከ መጨረሻዋ ክፍሉ ድረስ ይዘረዘራል። ምክር ቤቱ ጥርስ እንዳለውም አሳይቷል። በ2009 ኦራክል ገና ያልጸደቀ ውጤት ይዞ በጋዜጣ ማስታወቂያ ራሱን ከአይቢኤም ጋር በማወዳደሩ 10,000 ዶላር ተቀጥቷል። ለእንዲህ ያለ ኩባንያ ገንዘቡ የቡና ዋጋ ነው፤ ኀፍረቱ ግን በይፋ ተመዝግቧል።

ስለዚህ የታወቁት ፈተናዎች ከንቱ ናቸው ማለት ስሕተት ይሆናል። ያለ እነርሱ ገዢው ሙሉ በሙሉ በሻጭ አፍ ይወድቅ ነበር። ችግሩ የታወቀ ፈተና ውሎ አድሮ የሚጠና ፈተና መሆኑ ነው። የፎልክስቫገን መኪኖች በምርመራ ማሽን ላይ መሆናቸውን እያወቁ ጭሳቸውን ይቀንሱ እንደነበር በ2015 ሲጋለጥ ጀርመን ምን ያህል እንደደነገጠች የፍራንክፈርት ነዋሪ ያስታውሳል። በሰርቨር ዓለምም ቀለል ያለ ዘመድ ያለው ነገር ታይቷል። የማቀነባበሪያ አንጎልን ፍጥነት የሚለካው ስፔክ የተባለ ድርጅት በየካቲት 2024 ከ2,600 በላይ የታተሙ ውጤቶች ላይ የማስጠንቀቂያ ማስታወሻ አኑሯል። ምክንያቱ የኢንቴል ኮምፓይለር፣ ማለትም የፕሮግራም ጽሑፍን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚለውጠው ሶፍትዌር፣ ከፈተናዎቹ አንዱን አስቀድሞ የሚያውቅ በሚመስል መንገድ ለእርሱ ብቻ የሚጠቅም ማሻሻያ ማድረጉ ነው። በእነዚያ ቁጥሮች ተማምኖ ማሽን የገዛ ተቋም ገንዘቡን የሚመልስለት የለም።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ማታለል ግን ማንም ሳያስበው የሚፈጸመው ነው። እርሱን ለመረዳት ከቅርንጫፉ በር ላይ መቆም ይበጃል።

አንድ ፈታኝ ፕሮግራም ለሰርቨሩ አንድ ጥያቄ ይልካል፤ መልሱን ይጠብቃል፤ መልሱ ሲደርሰው ቀጣዩን ይልካል። ለጆሮ ተገቢ ይመስላል። አሁን ሰርቨሩ በሰከንድ 100 ጥያቄ እያስተናገደ፣ እያንዳንዱን በአንድ ሚሊሰከንድ እየመለሰ ለ100 ሰከንድ ቆየ እንበል። ከዚያ ለሌላ 100 ሰከንድ ድርቅ ብሎ ቆመ። ፈታኙ ምን ይመዘግባል? አሥር ሺህ ፈጣን መልሶችንና አንድ የዘገየ መልስ። አማካዩ 11 ሚሊሰከንድ ገደማ ይሆናል፤ ሪፖርቱም «ከ10,000 ጥያቄዎች አንዱ ብቻ ዘገየ» ይላል። በእውነተኛው ቅርንጫፍ ግን ሰርቨሩ በቆመ ጊዜ ሰው መምጣቱን አያቆምም። በእነዚያ 100 ሰከንዶች ሌላ 10,000 ሰው በር ላይ ተሰልፏል፤ እያንዳንዱም በአማካይ 50 ሰከንድ ጠብቋል። ሁሉም ሲደመር አማካዩ 25 ሰከንድ ያህል ነው። በሪፖርቱና በሰልፉ መካከል ያለው ልዩነት ከሁለት ሺህ እጥፍ ይበልጣል። ፈታኙ ተፈታኙ ሲያርፍ አብሮት ስላረፈ፣ የተሰለፈውን ሕዝብ የቆጠረው ሰው አልነበረም።

አማካይ ቁጥር በጠቅላላው የሚደብቀው ነገር አለ። ዛሬ አንዲት የስልክ ክፍያ ከጀርባዋ በርካታ ማሽኖችን ታንቀሳቅሳለች። አንድ ማሽን ከመቶ አንድ ጊዜ ብቻ የሚዘገይ ቢሆን ማንም አያማርርበትም። አንድ ጥያቄ የመቶ እንዲህ ያሉ ማሽኖችን መልስ የሚጠብቅ ከሆነ ግን ከመቶ ደንበኞች 63ቱ ቢያንስ አንዱ ዘግይቶባቸው ይቆማሉ። ስሌቱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ነው። በጨረታ ሰነዶች ውስጥ ግን «አማካይ የምላሽ ጊዜ» የሚለው ሐረግ እንደ ነገሠ ነው።

የመረጃ ማከማቻዎች ጉዳይ ደግሞ የራሱ ጉድ አለው። ገና ከካርቶኑ የወጣ ኤስኤስዲ ዲስክ ባዶ ስለሆነ በፍጥነት ይጽፋል። ሲሞላ ግን አዲሱን ከመጻፉ በፊት አሮጌውን ማጽዳትና ማዛወር ስላለበት ፍጥነቱ ይወርዳል፤ አንዳንዴም በብዙ እጥፍ። የማከማቻ አምራቾች ማኅበር የሆነው ስኒያ በመለኪያ ደንቡ ዲስኩ በመጀመሪያ እንዲጸዳ፣ ከዚያ በጽሑፍ እንዲጨናነቅ፣ ፍጥነቱ ወርዶ ሲረጋም ብቻ እንዲለካ የሚያዘው ለዚህ ነው። በሽያጭ ወረቀት ላይ የሚደምቀው «በሰከንድ አንድ ሚሊዮን ንባብ» ብዙውን ጊዜ በአራት ኪሎባይት ቁራጭ፣ በንባብ ብቻ፣ መረጃው ሁሉ ፈጣን ማስታወሻ ውስጥ በሚበቃበት ሁኔታ የተገኘ ነው። ባንክ ግን በሌሊት የቀን መዝጊያ ሥራ ሲያካሂድ ሚሊዮን ሒሳቦችን ያነባል፤ ወለድ ያሰላል፤ መልሶም ይጽፋል። ያ ሥራ ሳይነጋ ካላለቀ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የሚከፈተው መስኮት ባዶ መስኮት ነው።

ፍጥነት ብቻውን ምን ያህል ዕዳ እንደሆነ ኢትዮጵያ በራሷ አይታለች። መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በተፈጠረ ችግር ደንበኞች በሒሳባቸው ከነበራቸው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ችለው ነበር። ወሬው በማኅበራዊ መገናኛ ሲዛመት በዩኒቨርሲቲዎች የሚገኙ የገንዘብ መክፈያ ማሽኖች ፊት ሌሊቱን ሰልፍ ተሠራ። ባንኩ ጉዳዩ የሳይበር ጥቃት ሳይሆን በሲስተም ማሻሻያ ወቅት የተከሰተ ስሕተት መሆኑን አስታውቋል። በዚያ ጊዜ 490 ሺህ ገደማ ግብይቶች የተካሄዱ ሲሆን፣ ያለ አግባብ የወጣው ገንዘብ ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ እንደሆነ ተገልጿል፤ አብዛኛው በኋላ ተመልሷል። ያኔ ባንኩ ከ38 ሚሊዮን በላይ የሒሳብ ባለቤቶች ነበሩት፤ ጂም ግሬይ በ1985 ከነደፈው ምናባዊ ባንክ አራት እጥፍ ሊሆን ምንም ያህል አልቀረውም።

በዚያ ሌሊት «ሲስተም የለም» ያለ አልነበረም። ማሽኖቹ እስኪዘጉ ድረስ መክፈላቸውን አላቋረጡም፤ በፍጥነት ብቻ ቢለኩ ኖሮ ጥሩ ነጥብ ያገኙ ነበር። የቲፒሲ-ሲ ሕግ ግን ከፍጥነቱ በፊት ሌላ ነገር ይጠይቃል፤ የመጋዘኑ ጠቅላላ ድምር ከሥሩ ካሉት ወረዳዎች ድምር ጋር በሳንቲም ሳይቀር እኩል ይሁን። በሥራ መካከል ኃይል ይቋረጥ፤ ዲስክ ይበላሽ፤ ከዚያ በኋላ የተፈጸመው ግብይት ሁሉ ይገኝ፤ ያልተፈጸመው ደግሞ ደብዛው ይጥፋ። ይህን ያላለፈ ማሽን ቁጥሩ ምንም ያህል ቢገዝፍ አይታተምም። እርግጥ ነው፣ በግዢ ጊዜ የሚደረግ ፈተና ከዓመታት በኋላ የሚመጣን የማሻሻያ ስሕተት አይከለክልም። ይኸው ፈተና ከእያንዳንዱ ማሻሻያ በኋላ፣ ሕዝቡ ከመግባቱ በፊት፣ በቅጂ ሲስተም ላይ ቢደገም ግን ድምሩ አለመግጠሙን የሚያውቀው ተማሪ ሳይሆን መሐንዲስ ይሆናል።

የቦታም ነገር አለ፤ ብዙ ጊዜም ይረሳል። ፍራንክፈርት ከባሕር ወለል በላይ 112 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነች። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ የሳሳ አየር ደግሞ ሙቀት የመሸከም አቅሙ ያነሰ ነው። አሽሬ የተባለው የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር ለተለመደው የሰርቨር ደረጃ የፈቀደው የ35 ዲግሪ የሙቀት ጣሪያ ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ይቀንሳል። በአዲስ አበባ ጣሪያው 30 ዲግሪ ገደማ ሆነ ማለት ነው። ሙቀት የበዛበት ሰርቨር ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ለከተማይቱ ነፋሻ አየር ምስጋና ይግባውና ችግሩ በዓመቱ አብዛኛው ጊዜ አይታይም፤ ማቀዝቀዣው በመብራት መቋረጥ ሲቆምና ሰርቨሩ በባትሪ ሲቀጥል ግን በአንድ ጊዜ ይገለጣል። በሜዳማ አገር ላቦራቶሪ የተገኘ ቁጥር ስለዚያ ሰዓት የሚናገረው የለም። ሰመራና ጋምቤላ ደግሞ ከፍታው ቢተዋቸውም ሙቀቱ አይተዋቸውም።

ገዢዎች ልምዳቸውን ተለዋውጠው እንዳይማማሩ የሚያደርግ አንቀጽም በውሎቹ ውስጥ ተቀብሯል። እ.ኤ.አ. በ1983 የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲው ዴቪድ ዴዊትና ባልደረቦቹ የዳታቤዝ ሶፍትዌሮችን አወዳድረው ውጤቱን በስም አሳተሙ። ከዚያ ወዲህ በኦራክል የተጀመረና በሌሎችም የተወሰደ ደንብ መጣ፤ ሶፍትዌሩን የገዛ ሰው ያለ ሻጩ ፈቃድ የለካውን ፍጥነት ለሕዝብ መግለጽ አይችልም። ባለሙያዎች ደንቡን በቀልድም በምሬትም «የዴዊት አንቀጽ» ይሉታል። አንዱ ባንክ ገዝቶ የተቃጠለበትን ሌላው ባንክ ሳይሰማ የሚገዛው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። ጤፍ የገዛች እናት ለጎረቤቷ «የዚያ ነጋዴ ቁና ጎደሎ ነው» እንዳትል በፊርማ እንደመከልከል ይቆጠራል።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ለመለኪያ የሚሆኑ ነፃ ፕሮግራሞች ዛሬ ሞልተዋል፤ ሐመርዲቢ የዳታቤዝ ግብይትን፣ ኤፍአይኦ ደግሞ የማከማቻን ብቃት ያለ ክፍያ ይለካሉ። የጎደለው የገዢው ድፍረት ነው። ባንክ ያለፈውን ዓመት እጅግ የተጨናነቀ የደመወዝ ቀን መዝገብ የደንበኞችን ስም አጥፍቶ ለፈተና ማዘጋጀት ይችላል። ተጫራቾች ሁሉ በዚያው ጭነት፣ አዲስ አበባ ውስጥ ባለ ክፍል፣ በእጥፍም ጨምሮ ይፈተኑ። አማካዩ ይቅርና ከሺህ ደንበኞች እጅግ የዘገየው አንዱ ስንት ሰከንድ እንደጠበቀ ይጻፍ። የአይሲቲ ፓርኩ የግል ዳታ ማዕከላት ቦታ አላቸው፤ የምሕንድስና ፋኩልቲዎች ሰዓት ይዘው የሚቆሙ ወጣቶች አሏቸው። ብሔራዊ ባንክ ለባንኮች በሚያወጣቸው መመሪያዎች ላይ አንዲት አንቀጽ ቢጨምር፣ የተገዛው ብቻ ሳይሆን የተለካው ጭምር እንዲመዘገብ ማድረግ ይችላል።

ሻጮች ይህ ጊዜ ይፈጃል፤ ዋጋም ያስጨምራል ይላሉ። እውነት አላቸው። ጨረታ በሦስት ወር ሊራዘም ይችላል፤ ትንንሽ አቅራቢዎችም ማሽን ለሙከራ ማምጣት ይከብዳቸዋል። በዝቅተኛ ዋጋ ብቻ አሸናፊ መለየት ለለመደ የግዢ ኮሚቴም የሁለት ቀን ፈተናን ውጤት መመዘን አዲስ ሥራ ነው፤ ሥልጠናም ይጠይቃል። ይሁንና ከ50 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚዎች ያሉት ቴሌብር በሚሠራበት አገር፣ የገበሬው የማዳበሪያ ክፍያና የጡረተኛው ገንዘብ ሳይቀር በሰርቨር በሚያልፍበት ጊዜ፣ የሦስት ወር መዘግየት ርካሹ ወጪ ነው። ውድ የሆነው ከፋዩ መስኮት ፊት ቆሞ የሚጠፋው የሥራ ቀን ነው፤ እርሱ ግን በማንም በጀት ላይ አልተጻፈም።

ፈተናው ሁለት ቀን ይበቃዋል። የመጀመሪያው ቀን ዲስኮቹን ለመሙላትና ፍጥነቱ እስኪረጋ ለመጠበቅ ይውላል። በሁለተኛው ቀን ጭነቱ የደመወዝ ቀን ልክ ሲደርስ፣ ሻጩና ገዢው አብረው ቆመው እያዩ፣ የኃይል ገመዱ ይነቀላል። ከዚያ ማሽኑ ተመልሶ ሲነሣ የደንበኞች ሒሳብ ሁሉ ተደምሮ ከቅርንጫፎቹ ድምር ጋር ይመሳከራል፤ ስንት ደቂቃ እንደፈጀም ይጻፋል።